ከከፍተኛ ሊግ የመጣልኝን የአንድ ዓመት ውል ልፈርም ወይስ ወደ ማስተማሩ ልግባ?

ጠያቂ፦ የግራ መስመር

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ታዳሚዎች። በደብረ ማርቆስና በደምበጫ መካከል ካለችው ከአማኑኤል ከተማ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ላለፉት ስምንት ዓመታት በግራ መስመር ተከላካይነት ተጫውቻለሁ፤ ሁለቱን ዓመት በአንደኛ ሊግ፣ የቀረውን ከእሱ ከፍ ብሎ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስት ክለብ የቀየርሁ ሲሆን፣ በአንዱም ከተማ ከሁለት ዓመት በላይ አልቆየሁም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የውድድር ዘመኑ ሲሰረዝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ስድስት ወር ያህል አባቴን በእርሻ አገዝሁ፤ ያኔም ቢሆን ኳስ እተዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ግን ማሰብ ጀምሬአለሁ። ባለፈው የውድድር ዘመን የተጫወትሁበት ክለብ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደመወዝ አልከፈለንም። የቡድን መሪው በጀት ሲለቀቅ እንደሚደወልልን ነግሮን ከካምፕ ተሰናበትን፤ እስካሁን የደወለ የለም። የፈረምሁት ውል ቅጂ በእጄ የለም፤ ስፈርም ሦስቱንም ቅጂ ለማኅተም ብለው ወሰዱት፣ እኔም ተመልሼ አልጠየቅሁም። በዚያ ላይ በመጋቢት ወር በአንድ ግጥሚያ ቀኝ ጉልበቴ ዞሮብኝ ሦስት ሳምንት ካረፍሁ በኋላ ወደ ሜዳ ብመለስም፣ በድንገት ስታጠፍ ጉልበቴ የሚከዳኝ ይመስለኛል።

በዚህ መካከል በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የሚገኝ አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ በደላላ በኩል የአንድ ዓመት ውል አቅርቦልኛል። በወር 22,000 ብር፣ ስፈርም ደግሞ የሦስት ወር ደመወዝ በቅድሚያ እንደሚሰጡኝ በስልክ ተነግሮኛል። በሌላ በኩል የመምህርነት ዲፕሎማ ስላለኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በስፖርት መምህርነት ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ነው፤ ደመወዙ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አባቴ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ተው ብሎኝ አያውቅም። በዘንድሮው ፋሲካ ግን እኔና እሱ ብቻችንን በግ ስንገፍፍ «እስከ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚህ ሕይወት ያለፋችሁ ወይም ጉዳዩን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የድሮው ተመላላሽ

ወንድም ዓለም፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔም ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ እስከ 33 ዓመቴ ድረስ በታችኛው ሊግ የተጫወትሁና ዛሬ በዚያው ከተማ የግንባታ ዕቃ የምሸጥ ሰው ነኝ። ስለ ገንዘቡ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ይነግሩሃል፤ እኔ ስለ ጉልበትህ ልናገር፤ ከጻፍኸው ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ስታጠፍ ጉልበቴ ይከዳኛል ያልኸው ነገር በዕረፍት የሚያልፍ ድካም ላይሆን ይችላል። እኔም 29 ዓመቴ ላይ እንዲሁ ሆንሁ። ወጌሻችን ደግ ሰው ነበር፤ በፌስታል የተቋጠረ በረዶ ጉልበቴ ላይ አስሮ፣ ማታ ማታ ቅባት ቀብቶ፣ ጠዋት በፋሻ ጠቅልሎ ያስገባኝ ነበር። ያለው መሣሪያ ያ ስለሆነ አልፈርድበትም። ራጅ ተነሥቼ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልሁ፣ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አመንሁ። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት እንደማያሳይ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከአንድ ዓመት በኋላ ኤምአርአይ ስታይ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ፣ በላዩ ላይ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ አጥንት ጭምር ተበልቶ ተገኘ። በጊዜው ታውቆ ቢሆን ኖሮ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ልመለስ እችል ነበር። በተበጠሰ ጅማት አንድ ሙሉ ዓመት በመሮጤ ግን የቀረውን አራት ዓመት በግማሽ ጉልበት ተጫወትሁ፤ ዛሬ ቁልቁለት ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመህ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄደህ በአጥንት ሐኪም ታይ፤ ኤምአርአዩንም ከራስህ ኪስ ከፍለህ ተነሣ። ወጪው እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉልበትህ ጤነኛ ከሆነ ውሉን በሙሉ ልብ ትፈርማለህ፤ ካልሆነም በማታውቀው ከተማ፣ በማያውቅህ ክለብ ካምፕ ውስጥ ተኝተህ ከምትሰማው እዚሁ ቤተሰብህ አጠገብ ሆነህ ብትሰማው ይሻላል።

ሌላም ነገር አለኝ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ይሁን ተብሎ ሲወሰን አገሩ ሁሉ ተጫዋች በገንዘብ የሚንበሸበሽ መስሎት ነበር። እናቴ ሳትቀር «ለአንተም ይህን ያህል ይሰጡሃል?» ብላኛለች። እኛ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለነው በዚያ ወሬ ውስጥ አልነበርንበትም፤ ዘመዱም ጎረቤቱም ግን ከዚያ ተነሥቶ ያሰላልናል። ለሠርግ ሲዋጣ፣ ለተዝካር ሲዋጣ፣ ዕድር ቤት ሲሠራ «ኳስ ተጫዋቹ ነውና» እየተባለ ከፍ ያለው በእኔ ላይ ይጣል ነበር። እኔም እንዳያፍሩብኝ ብዬ እሰጥ ነበር። አንተ እዚህ ላይ ከአሁኑ እውነቱን ለቤተሰብህ ብትነግር መልካም ነው።

መልስ፦ የውል ነገር

የተከበሩ ጠያቂ፣ በሙያዬ የሕግ ባለሙያ ስሆን የጥቂት ተጫዋቾችን የደመወዝ ክርክር ይዤ አውቃለሁ። ከያዝኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ የተበላሹት ተጫዋቹ ሕግ ስለጣሰ አይደለም፤ በእጁ ወረቀት ስላልነበረው ነው።

በመጀመሪያ ያልተከፈለዎት ሦስት ወር የጠፋ ገንዘብ አይደለም። በፊፋ የተጫዋቾች ሁኔታና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 12 ቢስ መሠረት፣ አንድ ክለብ የተዋዋለውን ክፍያ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከ30 ቀን በላይ ካዘገየ ሊቀጣ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ተጫዋቹ ክለቡን በጽሑፍ ጠይቆ ቢያንስ የ10 ቀን ጊዜ ሰጥቶት ከሆነ ነው። ይህ አንቀጽ በየአገሩም ተፈጻሚ እንዲሆን ደንቡ ራሱ ያዛል። እርስዎ እስካሁን ስልክ ሲጠብቁ እንጂ በጽሑፍ ሲጠይቁ እንዳልነበሩ ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ። ስልክ መጠበቁን ይተዉና የየወሩን ስምና መጠን ለይተው፣ ቀን ጽፈው፣ ደብዳቤውን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ የገባበትን ቁጥርና ማኅተምም በቅጂዎ ላይ ያስመቱ። በአካል መሄድ ካልቻሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። አሥሩ ቀን ካለፈ በኋላ አቤቱታውን ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ያቅርቡ።

ጊዜውም የራሱ ዋጋ አለው። ክለቡ የተወሰነበትን ሳይከፍል ሲቀር ፌዴሬሽኑ ከሚወስዳቸው እርምጃዎች አንዱ እንደ ተጫዋች ምዝገባ ያለውን አገልግሎት መከልከል ነው፤ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ የማይችል ክለብ ደግሞ ገንዘቡን ከየትም ብሎ ይፈልጋል። ስለዚህ አቤቱታዎ መቅረብ ያለበት የዝውውር ጊዜ ሳይዘጋ ነው። ምዝገባው ካለቀ በኋላ የቀረበ አቤቱታ ብዙ ጊዜ እስከ ቀጣዩ ክረምት ይተኛል።

የውልዎ ቅጂ በእጅዎ አለመኖሩም ተስፋ አያስቆርጥም። ተጫዋች የተመዘገበው በውል ስለሆነ ፌዴሬሽኑ ዘንድ ቅጂው ይገኛል፤ በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚህ አጋጣሚ በክለቡ እጅ ያለው ውልና ለፌዴሬሽኑ የገባው ውል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በአንድ ጉዳይ ላይ ለምዝገባ የቀረበው ውል ተጫዋቹ ይከፈለው ከነበረው ግማሹን ብቻ ይዞ አግኝቼዋለሁ፤ ልዩነቱ በቃል የተነገረ ስለነበረ ልጁ ሊያስመልሰው አልቻለም። ከዚህ ቀደም የተከፈለዎት ደመወዝ በባንክ ገብቶ ከሆነ የባንኩ መግለጫ ጥሩ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ወደ አዲሱ ውል ልመለስ። ደላላው በስልክ የነገረዎትን ሁሉ እንዳልተነገረ ይቁጠሩት። የሚፈርሙት የክለቡ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ባለበት፣ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ እዚያው በእጅዎ ተቀብለው ይሁን፤ ማኅተሙ የለም ከተባለም ከመውጣትዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። የአንድ ዓመት ውል ሲባል ስንት ወር እንደሚከፈል ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ክለብ ዓመት የሚለው ውድድሩ የሚካሄድበትን ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ገንዘቡ የተጣራ ነው ወይስ ግብር ያልተቆረጠበት ነው የሚለውም በግልጽ ይጻፍ። በ22,000 ብር ላይ የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጉዳት ቢደርስብዎ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍንና ደመወዝዎ እንደሚቀጥል የሚናገር አንቀጽ ከሌለ እንዲገባ ይጠይቁ። በነገራችን ላይ «የሕክምና ምርመራውን ካለፈ ውሉ ይጸናል» የሚል ቃል በፊፋው ደንብ አንቀጽ 18 የተከለከለ ነው፤ ክለቡ መመርመር ያለበት ከመፈራረሙ በፊት ነው። እርስዎም የጉልበትዎን ነገር መደበቅ አይገባዎትም፤ ተደብቆ ኋላ የተገለጠ ጉዳት ለክለቡ ሰበብ ይሆነዋል።

ሁለት ወር ደመወዝ ከታጠፈብዎ ደግሞ አንቀጽ 14 ቢስ ቢያንስ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተው በበቂ ምክንያት ውሉን እንዲያቋርጡ መንገድ ይከፍታል። ብዙ ተጫዋቾች ግን ይህን ሳያደርጉ ተናደው ከካምፕ ይወጣሉ። ያኔ ውል ያፈረሰው ተጫዋቹ ሆኖ ይገኛል፣ መልቀቂያውም ይያዝበታል።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ እኔ ተጫዋች አይደለሁም፤ ባለቤቴ ግን ለ11 ዓመት በዚሁ እርስዎ ባሉበት ደረጃ ተጫውቷል። ሴቶች በዚህ ነገር ላይ ሲጽፉ ስላላየሁ የቤቱን በኩል ልንገርዎ ብዬ ነው።

ከተጋባን በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ከተማ ኖሯል፤ እኔ ሁለቱን ብቻ ነው ያየሁት። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ እሱ ከቡድኑ ጋር ውድድር በሚካሄድበት ከተማ ካምፕ ውስጥ ነበር። የከፍተኛ ሊግ ውድድር በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ተጫዋቹ ለሳምንታት ከሆቴልና ከካምፕ አይወጣም፤ «በሜዳችን ስንጫወት ትመጫለሽ» የሚለው ነገር ቀረ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ እየተዘጋ፣ ለዕረፍት ሲለቀቅ እንኳ ቤቱ ሳይገባ አዲስ አበባ ከጓደኛው ጋር ከርሞ የተመለሰበት ጊዜ አለ።

ደመወዝ ይዘገያል ሲሉ ሰዎች የሚታያቸው ተጫዋቹ ነው። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ግን ይበላል፣ ይተኛል። የሚጨነቀው ቤት ያለው ነው። አራት ወር ሳይከፈለው በቆየ ጊዜ ከሱቅ በዱቤ እየወሰድሁ፣ ስሜ የተጻፈበትን የባለሱቁን ደብተር ገጽ እስከማውቀው ድረስ ደረስሁ፤ ዘይት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጅ ወተት። ስንከፍለው ባለሱቁ ገጹን በብዕር ከላይ እስከ ታች ሰረዘው፤ እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

ቤታችንን ያዳነው አንድ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. ሲፈርም ያገኘውን ቅድሚያ ክፍያ አንድ ብር ሳይነካ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ፤ በወላጆቹ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሠራን፣ ሁለቱን አከራየን። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ከክለብ የመጣ ብር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እርስዎም ቅድሚያ ክፍያውን ካገኙ እጅዎ ላይ አያሳድሩት። ይህን የምለው ለስልክና ለልብስ ያወጡታል ብዬ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲዘገይ ያንን ገንዘብ መብላት እንደሚጀምሩ ስለማውቅ ነው።

ደግሞ የጡረታ መዋጮ እንደሚቆረጥልዎ ይጠይቁ። በሕጉ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የባለቤቴን ስንጠይቅ የአራት ዓመቱ ገብቶ የሰባት ዓመቱ አልገባም ተባልን፤ ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። አሁን በሌላ ሥራ ላይ ሆኖ የቀረውን ዓመት እየሞላ ነው።

መልስ፦ የቡሬው አሠልጣኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። የታዳጊዎች አሠልጣኝ ነኝ፤ ከዚያ በፊትም በአንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ በረዳትነት ሠርቻለሁ። ስለ ጉልበቱና ስለ ውሉ የተባለው በቂ ስለሆነ አልደግመውም። ደመወዝ ለምን እንደሚዘገይ ግን አልተነገረምና እሱን ልናገር፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ከመፈረሙ በፊት የትኛው ክለብ እንደሚያስቸግረው መገመት ይችላልና።

በታችኞቹ ሊጎች ያሉት አብዛኞቹ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው። ከስታዲየም መግቢያ የሚያገኙት ገቢ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ጨዋታው በሌላ ከተማ ሲሆንማ ጭራሽ የለም። የሚተዳደሩት ከተማው በሚመድበው በጀት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ክለቡ ክረምት ላይ ተጫዋች ሲያስፈርም የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ከአዲሱ በጀት ላይ ይወጣል። ቅድሚያው በበዛ መጠን ለየካቲትና ለመጋቢት የሚተርፈው ያንሳል። ክለቡ ተጨማሪ በጀት እስኪጸድቅለት ይጠብቃል፤ ቡድኑ እያሸነፈ ከሆነ ምክር ቤቱ ቶሎ ያጸድቃል፣ ወደ መውረዱ ከተጠጋ ግን ማንም አይቸኩልለትም። የእርስዎም የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የቀሩት በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ስለዚህ ደላላውን ስለ ደመወዙ ብቻ አይጠይቁት። የዘንድሮው በጀት ጸድቋል ወይ? ባለፈው ዓመት እስከ ሰኔ ተከፍሏል ወይ? ይህን ደግሞ የሚነግርዎ ደላላው አይደለም፤ አምና እዚያ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። ሦስቱን ፈልገው ይደውሉ፤ በሜዳ ላይ የተላተምነው ሁሉ ስልክ ይለዋወጣልና አይቸግርዎትም።

27 ዓመት ለመስመር ተከላካይ ገና ነው፤ ጉልበቱ ከተረፈ አራትና አምስት ዓመት አለዎት። ወደ ላይ የመውጣት ነገር ግን በልክ ይታሰብ። ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አድጎ፣ በ2015 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ሁለተኛ ሆኖ፣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛንያውን አዛም አሳልፎ እስከ ቱኒዝያው ክለብ አፍሪካን ድረስ ሲሄድ አይተን ሁላችንም ኮርተናል፤ የዚህ አገር ልጅም ይህ መንገድ መኖሩን በዓይኑ አየ። ነገር ግን ክለብ ሲያድግ መጀመሪያ የሚያደርገው በላይኛው ሊግ የለመደ ተጫዋች ማስፈረም ነው። ቡድኑን ያሳደገው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር ይጀምራል፣ በዓመቱ ወደ ሌላ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ይሄዳል። ይህን የምለው ተስፋዎን ለመቁረጥ አይደለም፤ ሁልጊዜ በሚቀጥለው ዓመት ላይ ብቻ ሆነው እንዳያስቡ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኔ ልምድ ልጨምር፤ አሠልጣኝነት ካማረዎት እየተጫወቱ ይጀምሩ። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ተነሥቶ ወደ ሲ፣ ቢ እና ኤ ይወጣል። የዲ ኮርስ ሲወጣ ተጫዋች እያሉ የሚወስዱት ከሆነ ክለብም ፌዴሬሽንም ያውቅዎታል፤ ኳስ ካቆሙ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመጡ ግን ስምዎን የሚያስታውስ አይኖርም። የመምህርነት ዲፕሎማዎ ደግሞ እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ያስቀድምዎታል፤ ልጆችን ፊት ለፊት ቆሞ ማስተማር የሚችል ተጫዋች ከምታስቡት በላይ ጥቂት ነው።

ጠያቂው፦ የግራ መስመር

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ከፍኖተ ሰላም የጻፉልኝን እህቴን። ስለ ዱቤው ደብተር ያነበብሁትን ለእጮኛዬ አሳየኋት፤ እሷም ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ስንት እንዳለኝና ስንት ዕዳ እንዳለብኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሄጄ ታየሁ። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ከፊል ጉዳት ስላለበት ስድስት ሳምንት የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እንድሠራ፣ ከዚያ በኋላም እንደገና እንድታይ ታዝዣለሁ። ለቀድሞው ክለብ ደብዳቤውን አስገብቼ ቁጥር ተቀብያለሁ፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። በአዲሱ ክለብ አምና ከተጫወቱት ለሁለቱ ደውዬ ነበር፤ አንዱ እስከ ግንቦት ተከፍሎኛል አለ፣ ሌላው የሰኔን አልተቀበልሁም አለ። የጉልበቴን ውጤት ለደላላው ልኬ፣ የጉዳትና የሕክምና አንቀጽ እንዲገባ፣ ክፍያውም የ12 ወር ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። መጀመሪያ ተቆጣኝ። ትናንት ግን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ደውሎ ረቂቁን በቴሌግራም ላከልኝ። የሕክምናው አንቀጽ ገብቷል፤ የወራቱ ቁጥር ግን አሁንም 10 ይላል። በቀይ አስምሬ መልሼ ልኬዋለሁ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እስከ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ሊጠብቁኝ ተስማምተዋል።

መልስ፦ የውል ነገር

ሥራ አስኪያጁ የላኩልዎትን ረቂቅና የተጻጻፋችሁትን እንዳያጠፉት። አሥረኛው ቀን ካለፈ በማግሥቱ አቤቱታውን ያስገቡ፤ የደብዳቤውን ቅጂ፣ የባንክ መግለጫዎንና የመታወቂያ ካርድዎን ያያይዙበት።